የታሰረ ጠጠር
(በእረፍት ቀን ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራው ስለ ጨዋታ ነው። «ለጨዋታ ነው ኢጃዛችንን ያቃጠልነው?» የምትሉ አትጠፉም፣ ትንሽ ታገሡኝ።

እዚህ አል ሙሽሪፍ በምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ነው ያስተማረኝ። ሃይቭ ይባላል፣ ቀፎ ማለት ነው። ጆን ያኒ የሚባል ሰው ነው በ2001 ያወጣው። እንደ ዳማ ሰሌዳ የለው፣ እንደ ገበጣ ጉድጓድ የለው። ባለ ስድስት ጎን ጠጠሮች ናቸው፣ ለአንድ ሰው 11፦ አንድ ንግሥት ንብ፣ ሁለት ሸረሪት፣ ሁለት ጥንዚዛ፣ ሦስት ፌንጣ፣ ሦስት ጉንዳን። ተራ በተራ እያስጠጋን ስንደረድር ሜዳው እዚያው ይሠራል። ንግሥቷ በስድስቱም ጎን የተዘጋባት ተሸነፈች። የራሷ ወገኖች ቢዘጉባትም ይቆጠራል።

ጉንዳን በዙሪያው እንደፈለገ ይሄዳል፣ ፌንጣ በቀጥታ ይዘላል። ጥንዚዛ ሌላው ላይ ይወጣል፣ ከሥር ያለው ንቅንቅ አይልም። (ማዳሟን ያሰበች እጇን ታውጣ!)

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ሕግ ነው። ቀፎው ለሁለት መከፈል የለበትም። አንዱ ጠጠር ሲነሳ ሌሎቹ የሚለያዩ ከሆነ እሱ አይነሳም። ጉንዳን እንኳ ቢሆን ያ ሁሉ ሩጫው አይረዳውም፣ ሁሉን ያያያዘ እሱ ስለሆነ ታሰረ። ይሄን ያየሁ ቀን እጄ ጠጠሩ ላይ ቀረ። የስድስት ዓመት ደሞዜ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ የእናቴ መድኃኒት፣ የታናሾቼ ትምህርት፣ የቤት ኪራይ። «መቼ ነው የምትገቢው?» ሲሉኝ «ከተነሳሁ ይበተናሉ» ነው መልሴ።

የሚፈታውም እዚያው ነው። በሌላ በኩል ጠጠር ጨምረሽ ክቡ ከገጠመ፣ የታሰረው ይለቀቃል። ባለፈው ወር ለወንድሜ ደወልኩና «ኪራዩን አንተ ያዝ» አልኩት። ሥራ ከያዘ ዓመት አልፎታል። ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «እሺ እታለም» አለኝ። የመጀመሪያውን ከፍሏል። ሁለተኛውን እናያለን።

«ይሄ ለተማረ ነው» የምትሉኝ፣ እኔም ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ልጁን አሁን ከሦስት ሁለቴ አሸንፈዋለሁ፣ ይናደዳል።

አንድ ስብስብ ገዝቻለሁ። በሚቀጥለው ኢጃዛ ኡም አል ኢማራት ፓርክ ምንጣፍ ይዤ እመጣለሁ። በ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ከነደሞዙ አለን፤ የተከለከለች ካለች ዛሬውኑ ለኮሚቴው ትንገር። ንግሥታችሁን እስከ አራተኛው ተራ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፣ እሷ ሳትቀመጥ የእናንተ ጠጠር አይንቀሳቀስም። አዲስ የመጣች ነጩን ትይዛለች፣ እሷ ትጀምር። ቡና የምታመጣ ማነች?