የዕጣኑን ዛፍ በኅብረት ስለ መጠበቅ
(በመተማ ዮሐንስ ለተሰበሰበ ዐውደ ጥናት የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራን የመንግሥት ሹማምንት፣ የምርምር ሊቃውንት፣ የኩባንያና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች፣ ከሁሉም በላይ በዚህ ቆላ ሐሩር ዕጣን የምትለቅሙ ወንድሞቻችንና የምታበጥሩ እኅቶቻችን፦

አጼ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ስለ አገራቸው የወደቁባት ይህች መተማ፣ ዛሬ ስሟ ከሰሊጥና ከጥጥ ጋር የሚነሣ ቢሆንም፣ ካህኑ በጽንሐው የሚያጥነው፣ እናት ቡና ስታፈላ የምታጨሰው፣ ነጋዴውም ወደ ባሕር ማዶ የሚሰደው ዕጣን ከሚገኝባቸው ደጋግ ምድሮች አንዷ መሆኗን መዘንጋት አይገባም።

ዕጣኑም የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ሲደርቅ ለቃሚው መንጋፍ በተባለው መሣሪያ የዛፉን ግንድ ቅርፊት በስሱ ይልጣል፤ እንደ ወተት የነጣው ፈሳሽም ወጥቶ በፀሓይና በነፋስ ይረጋል፤ ለቃሚው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የረጋውን ከለቀመ በኋላ ቁስሉን ጥቂት አስፍቶ ይልጣል፤ ዝናም እስኪመጣም ይህንኑ ይደጋግማል። በመጋዘኑም ሴቶች ተቀምጠው የዕጣኑን ፍሬ በመጠኑና በንጣቱ ይለያሉ።

ነገር ግን ይህ በረከት ለጥፋት ተቃርቧል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ የብዙ ሊቃውንት ጥናት እንዳስረዳው፣ ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ለዐሥርተ ዓመታት ወጣት ዛፍ አልተተካም፤ ሁኔታውም ካልተለወጠ ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ምክንያቱም የበጋው እሳት፣ ችግኙን የሚግጠው ከብት፣ ለእርሻ የሚመነጠረው ደን፣ ግንዱን የሚበላው ጢንዚዛና ልክ ያለፈው ልጠት ነው። ተመራማሪው ዶክተር አበጀ እሸቴም በዚሁ በመተማና በአበርገሌ ባደረጉት ምርምር፣ ቁስሉ ከልክ ሲያልፍ ምርቱ እንደማይጨምር አስረድተዋል።

እንግዲህ የጥበቃው ዕውቀት ሳይጠፋ ዛፉ የሚጠፋው፣ ዕውቀቱ ተከፋፍሎ በየቤቱ ስለ ተቀመጠ ነው። ሊቁ የጻፈው ለቃሚው በማያነበው ልሳን ነው፤ ለቃሚው ዛፉን በዐይኑ ቢያውቀውም ደመወዙ በኪሎ ስለሚመዘን ቁስል ለመጨመር ይገደዳል፤ ኩባንያውም ውሉ አጭር ከሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣው ምርት ሊያስብ አይችልም፤ ከብት አርቢውና ሰሊጥ ዘሪው ደግሞ ከጥቅሙ ድርሻ ከሌላቸው ደኑን እንደ ባዕድ ይመለከቱታል። ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የምንጠብቀው አዲስ ጥበብ ከማሽን አስቀድሞ ከስምምነት ይጀምራል፤ ይኸውም የውሉን ዘመን ማርዘም፣ የቁስሉን ቍጥር በሕግ መወሰን፣ የተለጠውን ዛፍ በየተራ ማሳረፍ፣ ለቃሚውን ስለ ጥበቃውም ጭምር መክፈል፣ ከከብትና ከእሳት በተከለለ ስፍራ ችግኝ ማሳደግ፣ ዕጣኑንም በጥሬው ከመላክ ይልቅ ዘይቱን እዚሁ አንጥሮ መሸጥ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሊቃውንቱ ለለቃሚዎቹ ጆሯችሁን እንድትሰጡ፣ ለቃሚዎቹም ያያችሁትን ሳትፈሩ እንድትናገሩ፣ ሹማምንቱም የተወሰነው በወረቀት ላይ እንዳይቀር እንድትተጉ በትሕትና እየለመንሁ፣ ዐውደ ጥናቱ በዛሬው ዕለት የተከፈተ መሆኑን በአክብሮት አበሥራለሁ።