ከመሮጫ ሜዳ ወደ ሥራ ቦታ፦ አትሌት ጋብዘን ምን እንማር?

(በጋሃና፣ ኦሃዮ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ ፈረቃችሁን ተለዋውጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ከኮሎምበስ ዳር እስከ ዳር እዚህ ጋሃና ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ዛሬ ለውይይት ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ታዋቂ አትሌት ጋብዘን ለወጣቶቻችን አነቃቂ ንግግር ይደረግላቸው የሚል ነው። በዚሁ ጉዳይ ላይ እንድናገር ታዝዣለሁ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ከእንግዳው ምን እንደምንፈልግ አስቀድመን ካላወቅን፣ ለአውሮፕላን ቲኬትና ለሆቴል ከፍለን ፎቶ ብቻ ይዘን እንዳንቀር እሰጋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምንኖርበት ከተማ ልጀምር። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኩል ያለፋችሁ ሁሉ በጄሲ ኦውንስ ስም የተሰየመውን ስታዲየም ታውቁታላችሁ። ኦውንስ አላባማ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ክሊቭላንድ የመጣ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ጫማ መጠገኛ ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ አሰልጣኙ ቻርልስ ራይሊ ጠዋት ከትምህርት በፊት ያለማምደው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ጥቁር በመሆኑ በግቢው ውስጥ ማደር አልተፈቀደለትም። የነፃ ትምህርት ዕድልም አልነበረውም። እዚሁ ኮሎምበስ፣ በኦሃዮ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ሊፍት እያንቀሳቀሰ ነው የተማረው። ሜይ 25 ቀን 1935 ሚሺጋን ውስጥ በ45 ደቂቃ ገደማ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ፤ አራተኛውን ተጋራ። በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ 4 የወርቅ ሜዳሊያዎችን አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ግን ብዙ ሰው አይናገረውም። ሜዳሊያው እንጀራ አልሆነውም። ለገንዘብ ሲል ከፈረስ ጋር እስከ መሮጥ ደርሷል። የከፈተው የልብስ ንጽህና ሥራ ከስሮ በ1939 ለኪሳራ ተዳርጓል። የቆመው ቆይቶ ነው፤ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ይዞ፣ በትልልቅ ኩባንያዎችና በወጣቶች ስብሰባዎች ላይ ንግግር እያደረገ መተዳደር ሲጀምር። ዛሬ ጡረታ የወጡ አትሌቶች በየኩባንያው እየተጋበዙ የሚሠሩትን ሥራ እርሱ ያኔ ይሠራው ነበር ማለት ነው። ዝናው በር ከፍቶለታል፤ እንጀራውን ያገኘው ግን ሌላ ሙያ ሲለምድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን እናገኛለን። በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዷል። ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ኃይሌ ንግዱን የጀመረው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አይደለም። ታላቁ ሩጫ በ2001 ሲጀመር እርሱ ገና ተወዳዳሪ ነበር። የሐዋሳው ሪዞርት በ2010 ሲከፈትም ገና አልተሰናበተም፤ ከውድድር ጨርሶ የወጣው በ2015 ነው። በ2020 በተነሳው ሁከት የባቱና የሻሸመኔ ሆቴሎቹ ሲቃጠሉ ሥራውን አላቆመም። ልጆቻችን ከኃይሌ መማር ያለባቸው ይህን ይመስለኛል፦ አንዱ ሥራ ሳያልቅ ለሁለተኛው መዘጋጀትን፣ ከውድቀት በኋላ በማግስቱ ወደ ልምምድ መመለስን።

ሦስተኛዋ የአካባቢያችን ልጅ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጫጫ የጌጤ ዋሚ የትውልድ ቦታ ናት። ጌጤ በ1999 ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። እኔን የሚገርመኝ ግን የ2007 ታሪኳ ነው። በመስከረም መጨረሻ የበርሊንን ማራቶን አሸነፈች። በ35 ቀኗ ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ሌላ ማራቶን ሮጠች። ያን ጊዜ በትልልቆቹ ማራቶኖች በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበች ሴት 500,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ተፎካካሪዋም የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ ነበረች። ጌጤ እስከ መጨረሻው ከፓውላ ራድክሊፍ ጋር ተናንቃ በ23 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች፤ ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ሆነች። ሽልማቱ የጌጤ ሆነ። የዕለቱን ውድድር ያሸነፈችው ሌላ ናት፤ የሁለት ዓመቱን ሥራ ያሸነፈችው ግን የጫጫዋ ልጅ ናት። ለአንድ ነጋዴም ሆነ ለአንድ የልማት ማኅበር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የትኛውን ውድድር እየሮጥን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

አሁን ወደ ራሴ የሥራ ቦታ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የመጋዘን ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። በአንድ ወቅት ድርጅቱ አንድ የቀድሞ ስፖርተኛ ጋበዘልን። ለአንድ ሰዓት ተናገረ፤ ሳቅን፣ አጨበጨብን፣ አንዳንዶቻችን አለቀስንም። ሰኞ ዕለት ስንመለስ ሥራው እንደነበረ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ በኮሌጅ ዘመኗ ሯጭ የነበረች አሰልጣኝ ተቀጠረችልን። ስለ ሜዳሊያ አንድ ቀን አላወራችም። በየሳምንቱ እየመጣች ከፈረቃ ኃላፊዎች ጋር ትቀመጥ ነበር። ፈረቃው ሲያልቅ 10 ደቂቃ ቆመን ሦስት ነገር እንድንነጋገር አስለመደችን፦ ምን አቅደን ነበር? ምን ሆነ? ነገ ምን እናስተካክል? አትሌት ከውድድር በኋላ ከአሰልጣኙ ጋር የሚያደርገውን ነው ያስተማረችን። ዕረፍትም የልምምድ አካል መሆኑን፣ አዲስ ሠራተኛ አሯሯጭ እንደሚያስፈልገው ያየነው በእርሷ ነው። ያቺ 10 ደቂቃ እስከ ዛሬ አልቀረችም።

ስለዚህ ንግግር አይጠቅምም አልልም። ንግግር ልብ ያሞቃል፤ የሞቀውን ልብ ይዞ የሚቀጥል ሰው ከሌለ ግን ይበርዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን እኛው ነን የምንተርተው።

በዚህ መሠረት ለጉባኤው ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እንግዳ ከመጋበዛችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። እንዴት እንዳሸነፈ ብቻ ነው የሚነግረን ወይስ እንዴት እንደሠለጠነና እንደተሸነፈም ጭምር? ከመናገሩ በፊት ስለ ወጣቶቻችን ኑሮ ሊጠይቀን ፈቃደኛ ነው? ከእራቱ በኋላ በየወሩ አንድ ጊዜ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊያገኛቸው ይችላል?

ሁለተኛ፣ ከተመደበው ገንዘብ ግማሹ ለእራቱ፣ ግማሹ ለስድስት ወር ክትትል ይሁን። እዚህ ያሉ ወጣቶቻችን የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ የኮሌጅ ምርጫ፣ የራስን ሥራ መጀመር ያሳስባቸዋል፤ በእነዚህ ላይ አብሯቸው የሚቆይ ሰው ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ፣ አገር ቤት ያሉትን አንርሳ። በየክለቡ ሮጠው ሜዳሊያ ሳያገኙ፣ እግራቸው ታሞ ወይም ዕድሜያቸው ገፍቶ ወደ ቀያቸው የተመለሱ ስንት አሉ! ንጋት ላይ መነሳትን፣ ሰዓት ማክበርን፣ አሰልጣኝ መስማትን፣ ተሸንፎ መመለስን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ማንም ንግግር አድርጉልን አይላቸውም። ማኅበራችን በሚደግፋቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ በመጠነኛ አበል የወጣቶች አማካሪ ብናደርጋቸው፣ ለእነርሱም ሁለተኛ ሥራ ይሆናል፤ ለልጆቹም በየቀኑ የሚያዩት አርአያ ይገኛል። ለዚህ ሥራ ግን እነርሱም መሠልጠን አለባቸው፤ ጎበዝ ሯጭ ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ ሆኖ አይወለድምና።

ድምፅ ስትሰጡ ይህን እንድታስቡልኝ እለምናለሁ። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ የክትትሉን ሥራ ለማስተባበር ግን ከዛሬ ጀምሮ ስሜን አስመዝግቤአለሁ። ሁለት ሰው ከጨመራችሁልኝ ይበቃል።

 ፈጣሪ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን።