ስለ ሸክላ ሠሪ እናቶችና ስለ እድራችን ደንብ
(በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የደንቡ ማሻሻያ ለውይይት ከመቅረቡ በፊት ጥቂት እንድንናገር ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን።

የምናነሳው የሸክላ ሠሪ ሴቶችን ነገር ነው። በጎንደር ወለቃም ሆነ እዚሁ አዲስ አበባ ቀጨኔ፣ ሸክላ የሴት ሥራ ሆኖ ኖሯል። አፈሩን ተሸክማ፣ ወቅጣና ነፍታ በእጇ ታበጀዋለች፤ ጭሱን ችላ ታቃጥለዋለች፤ ገበያ አውጥታ የምትሸጠውም እሷው ናት። ባሏ ብረት ቀጥቃጭ ወይም ሸማኔ ቢሆን እቤቱ ተቀምጦ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ከስድቡ አያመልጥም። እሷ ግን ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያያት ነው «ቡዳ» የምትባለው። የጎረቤት ልጅ ሆዱን ባመመው ቁጥር መጀመሪያ የሚነሳው የሷ ስም ነው። ልጇ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ደግሞ አጥንት ይቆጠርና ሽማግሌ የሚልክ ይጠፋል። ዘሯና ሴትነቷ ተደርበው ነው የሚከብዷት። በጀበናዋ ቡና ስንጠጣ፣ በምጣዷ ስንጋግር ግን ቡዳነቱ ትዝ አይለንም መቼም!

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በፆታም ሆነ በትውልድ ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። ያም ሆኖ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከጋራ መቃብርና ከእድር ተገልለው የኖሩባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

ወደኛ ደጅ እንምጣ። ደንባችን ዘር አይጠይቅም፤ ይህ ያኮራናል። ነገር ግን አባል ተብሎ የሚመዘገበው ባል ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተለያየች ሴት እንደ አዲስ ገቢ አመልክታ ሁለት ዋስ ከአባላት ታቀርባለች። ሌላዋ ሴት ዋስ አታጣም። ሸክላ ሠሪዋን ግን «ዘሯን እናውቃለን» እያለ ከሚሸሻት ሰው መሃል ማን ዋስ ይሆናታል? ደንቡ ያልጠየቀውን ዘር ዋሱ ጠየቀ ማለት አይደል?

ስለዚህ ሚስት ከባሏ ጋር በስሟ ትመዝገብ፤ ብቻዋን ስትቀር ያለ ዋስ መዋጮዋን ትቀጥል። ለቅሶ ቤት ሰውን በዘሩ የሰደበ አባልም በተሳዳቢ ቅጣት ይቀጣ። ሣጥኑ ይጎዳል የምትሉ አላችሁ፤ አይጎዳም፣ ያው አንድ ቤት የሚከፍለው መዋጮ ነው። ድምፁ ግን ሴቶቹ ለምሳ ዝግጅት ከመነሳታቸው በፊት እንዲሰጥ እንጠይቃለን።