እናትን መጦርና ጭንቀቷን መሸከም

(ኤረር በር በተደረገው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። በዚህ ጉዳይ እንድናገር የተጠየቅሁት የቁጠባውን መዝገብ ስለምይዝ ነው። ገንዘብ ልታስገቡ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ ስለ ወላጆቻችሁ ታጫውቱኛላችሁ። አንዷ "እናቴ ካልደወልኩላት ታለቅሳለች፣ ስደውልላት ትቆጣኛለች" ትላለች። ሌላዋ "አባቴ ምንም ባደርግለት አይረካም" ትላለች። ስም አልጠራም። የማካፍላችሁ ያነበብኩትንና በራሴ ቤት ያየሁትን ነው። እናቴም ይህን እንደምናገር ታውቃለች፤ "ንገሪያቸው፣ ግን ክፉ ናት እንዳትዪኝ" ብላኛለች። እውነት ነው፣ ክፉ አይደለችም። ጭንቀታም ናት።

እንዲህ ያለውን ሰው የምንጠራበት ቃል በአማርኛ ሞልቷል። ሆደ ባሻ፣ ነጭናጫ፣ ቁጡ፣ ጭንቀታም እንላለን። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በአንድ ስም ሰብስበው ኒውሮቲሲዝም ይሉታል። ሰው ቶሎ የመስጋት፣ የማዘንና የመበሳጨት ዝንባሌው ማለት ነው። ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ አገር የሠራው ሃንስ አይዘንክ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከሰው ባሕርይ ዋና መለኪያዎች አንዱ አድርጎ አቀረበው። ዛሬም ባሕርይን በአምስት የሚከፍሉት ባለሙያዎች ይህን ከአምስቱ አንዱ ያደርጉታል። ሁላችንም ዘንድ አለ፤ እንደ ቁመት መጠኑ ይለያያል እንጂ። ልጅ ግማሽ ሰዓት ሲዘገይ አንዷ እናት "ጨዋታ ይዞት ነው" ትላለች፤ ሌላዋ መኪና ገጭቶታል ብላ ነጠላዋን አንስታ ትወጣለች። ሁለቱም ልጃቸውን እኩል ይወዳሉ።

ይህ ባሕርይ በራሱ በሽታ አይደለም። ስንፍና ወይም የእምነት ጉድለትም አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ግማሽ የሚጠጋው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። የቀረው ከኑሮ ይመጣል።

እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ኑሮ እናስታውስ። ዛሬ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የሐረር ሴቶች በ1970 ዓ.ም. ልጆች ነበሩ። ያን ጊዜ የሶማሊያ ጦር ሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ የመድፍ ድምፅ ሰምተው ያደጉ ናቸው። በዚያው ዘመን ቀይ ሽብር ነበር። ቆይቶም ደርግ ብሔራዊ ውትድርና ሲያውጅ ወንድሞቻቸው እንዳይታፈሱ ሲደብቁ ኖሩ። በር ሲንኳኳ መደንገጥ ያን ጊዜ ብልህነት ነበር። በተፈጥሮዋ ለስጋት የቀረበች ልጅ በዚህ ውስጥ ስታልፍ ስጋቱ አብሯት ያረጃል። ዛሬ ስልክ ሳናነሳ ስንቀር የምትቆጣን ያቺው ልጅ ናት። ይህ ቁጣውን ትክክል አያደርገውም፤ ከየት እንደመጣ ግን ያሳየናል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ወላጅን ማክበር ቁርአንም መጽሐፍ ቅዱስም ያዘዙት ነው። በአገራችን ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው። እኔ በዚህ አልከራከርም። የምጠይቀው ግን "መጦር ምንን ይጨምራል?" ብዬ ነው። ምግብና ልብስ ይጨምራል። መድኃኒት መግዛት፣ ሐኪም ቤት መውሰድ፣ መጠየቅ፣ በአክብሮት መናገር ይጨምራል። እነዚህ ዕዳዎች ናቸው፤ ሊከፈሉም ይችላሉ። እናቴን ከጭንቀቷ ማውጣት ግን በእኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ጭንቀቷ ከእኔ አልመጣምና እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም። ብዙዎቻችን የምንደክመው ይህን ከመጦር ጋር ስለምንቀላቅለው ነው። እናት ስታኮርፍ "አጎደልኩ" እንላለን፤ ደመወዛችንን እንሰጣለን፣ ትዳራችንን እንበድላለን፣ እርሷ ግን በማግስቱ ያው ናት። በመጨረሻ ምሬት ይመጣና መጦሩ ራሱ ይበላሻል። ሁለቱን መለየት ለእናቲቱም ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

እኔን የረዱኝን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው መጻፍ ነው። አንድ ወር ሙሉ በተራ ደብተር ላይ እናቴ የተቆጣችበትን ቀንና ሰዓት፣ የተናገረችውን፣ በዚያ ቀን የሆነውን ጻፍኩ። ወሩ ሲያልቅ ሳየው አብዛኛው ቁጣ የወደቀው አረብ አገር ያለው ወንድሜ ሳይደውል በዋለባቸው ቀናት ነበር። "ቡናው ቀጠነ" ትለኛለች፤ የሚያስጨንቃት ግን እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቡናው አልመልስም። "እማዬ፣ ዛሬ ወንድሜ አልደወለም እንዴ?" እላታለሁ። አንዳንድ ጊዜ ታለቅሳለች፤ ለቅሶው ከቁጣው ይሻላል።

ሁለተኛው ጊዜ መቁረጥ ነው። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትደውልልኝ ነበር። ተመካክረን ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ እኔ እንድደውል ተስማማን። ስንጀምረው ከበዳት፤ ሁለት ሳምንት ያህል አኮረፈች። እኔ ግን ሰዓቴን አላጓደልኩም። ለሚሰጋ ሰው ረጅም ማባበያ ከመስጠት የማይዛነፍ ትንሽ ነገር መስጠት ይበልጣል። በሰዓቱ የሚደወል ስልክ ያረጋጋል፤ አንዳንዴ እየተነሳ አንዳንዴ የሚቀር ስልክ ግን ስጋትን ይጨምራል።

ሦስተኛው አለመከራከር ነው። ቁጣ በተነሳበት ሰዓት "እንዲህ አላልኩም፣ ምስክር አለኝ" ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። "ሰምቻለሁ፣ ነገ እንነጋገርበታለን" ብሎ መነሳት ይቻላል። ጀጎል ውስጥ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ስለሚኖር መውጫ የለም ትሉ ይሆናል፤ ውኃ መቅዳት፣ ጎረቤት መጠየቅ፣ ገበያ ደርሶ መመለስም መውጫ ነው። ገንዘብን፣ ትዳርንና ልጆችን የሚነካ ውሳኔ ግን በዚያ ሰዓት አትስጡ።

አራተኛው መካፈል ነው። በብዙ ቤት የእናት ጭንቀት ለአንዲት ሴት ልጅ ይተዋል፤ ወንዶቹ ገንዘብ ልከው ነፃ ይሆናሉ። ወንድሞቻችን በሳምንት የተወሰነ ቀን እንዲደውሉ በግልጽ እንጠይቃቸው። ሳንጠይቃቸው ማማረሩ አይጠቅመንም።

ወሰኑንም ልናገር። ወላጅ የሚመታ፣ ደመወዝ በግድ የሚወስድ ወይም የልጅ ልጆችን የሚያስፈራራ ከሆነ ይህ "ባሕርይዋ ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሽማግሌ፣ ካስፈለገም ሕግ ያለበት ጉዳይ ነው። እንዲሁም ወላጅ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ሞትን ከተመኘ ወይም በእርጅና ጊዜ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ሐኪም ይየው። ብዙዎቻችን "ጨጓራዬን ነው" እያልን የምንሄደው ጭንቀቱን ይዘን ነው፤ ለሐኪሙ ጭንቀቱንም እንንገረው። እዚሁ ከተማችን በሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ግማሹ ከዘር ነው ካልን ነገሩ ከእናቶቻችን ጋር አያበቃም፤ እኛም ይዘነዋል፣ ልጆቻችንም ይወርሱት ይሆናል። ተስፋ አለው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አለው። ይህ ባሕርይ በአብዛኛው ሰው ከወጣትነት ወደ ጉልምስና ሲኬድ እየረገበ ይሄዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከ200 በላይ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ሥራ ደግሞ የምክር ሕክምና በሳምንታት ጊዜ ውስጥ ይህን ባሕርይ ሊያረግበው እንደሚችል አሳይቷል። በተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ የማይነቃነቅ አይደለም ማለት ነው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ዚምባብዌ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። እዚያም ሕመሙን የሚጠሩት "ብዙ ማሰብ" ብለው ነው፤ እኛ "ሐሳብ በዛብኝ" እንደምንለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በወንበሩ ላይ የተረዱት ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ እንደተሻላቸው አሳየ። እኛ ዕድርና ዕቁብ አለን፤ የሐረሪ እህቶቻችን አፎቻ አላቸው፤ ቡናም በየቤቱ ይፈላል። የጎደለን የሠለጠነ አድማጭ ነው። ከመካከላችን የታመኑና ምስጢር የሚጠብቁ አራት እናቶችን መርጠን በሙያተኛ እናሠልጥን፤ በወር ሁለት ቀን ተራ ገብተው ያዳምጡ። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው የሥልጠናውን ወጪ ብቻ ነው፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

የወጪውን ግምት አዘጋጅቼ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንወያይበት።