ስልካችን ስለ አእምሯችን ጤና ምን ሊነግረን ይችላል?



ሰው ሠራሽ አስተውሎት በስልክና በእጅ ሰዓት ሴንሰሮች አማካይነት የአእምሮ ጤናችንን ሊከታተል ይችላልን? ዛሬ ልመረምር የምሻው ይህን ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች «ስቱደንትላይፍ» በተሰኘ ጥናት 48 ተማሪዎችን በስልካቸው አማካይነት ለ10 ሳምንታት ተከታተሉ። ስልኮቹ ከእንቅስቃሴ፣ ከብርሃን፣ ከድምፅና ከቦታ መረጃ በመነሣት ተማሪው ስንት ሰዓት እንደተኛና ከሰው ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደተነጋገረ ይገምቱ ነበር። የትምህርት ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ ውጥረት ጨመረ፤ እንቅልፍና ጭውውት ቀነሱ። ይህ መረጃ ከድባቴ መጠይቅ ውጤት ጋርም ተዛምዶ ተገኘ።

ተስፋው ግልጽ ነው። ሐኪም ታካሚውን የሚያየው በቀጠሮው ቀን ብቻ ነው፤ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ጊዜ የሚያሳይ መሣሪያ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ሴንሰር የሚለካው ድርጊትን እንጂ የድርጊቱን ትርጉም አይደለም። ለማኅሌት ወይም ለተራዊህ ሌሊት የቆመ ሰው የእንቅልፉ ሰዓት ይለወጣል። ሐዘን የተቀመጠም ለቀናት ከቤት አይወጣም፤ ነገር ግን በዘመድና በጎረቤት ተከብቧል። በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር የሚውል ነጋዴ በብርቱ ድባቴ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድን ስልክ ቤተሰቡ በጋራ በሚጠቀምበት ቤት ደግሞ መረጃው የማን እንደሆነ መለየት ያዳግታል። በአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች መረጃ የሠለጠነ ሥርዓት እነዚህን ልዩነቶች ያውቃል ብለን ልንጠብቅ አንችልም። ስለሆነም መመዘኛው የሌሎች አማካይ ሳይሆን የግለሰቡ የራሱ የቀደመ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ለውጥ ሲታይም መሣሪያው ከመፈረጁ በፊት ሰው ይጠይቅ እላለሁ።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ማስጠንቀቂያው ለማን ይድረስ የሚለው ነው። ለአስተዳደር ወይም ለአሠሪ የሚደርስ ከሆነ፣ እርዳታ የሚያሻው ተማሪ ስልኩን መኝታ ክፍሉ ትቶ መውጣት ይጀምራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ያደርጋል። ሆኖም በእኩለ ሌሊት ለሚደርስ ማስጠንቀቂያ መልስ የሚሰጠውን ባለሙያ አዋጅ አይቀጥርልንም። መልስ ሰጪ በሌለበት የሚደረግ ልኬት ስለላ ይሆናል እንጂ ሕክምና አይሆንም።

በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት የምታስቡ ተማሪዎች ሥራችሁን ከመተግበሪያው ሳይሆን ከምክር አገልግሎት ክፍሉ እንድትጀምሩ አደራ እላለሁ። በዚያ ስንት ባለሙያ እንዳለና በሩ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።