አሮጌ መኪናን በገዛ እጅ ስለ መጠበቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ስለ አሮጌ መኪና መናገራችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገሩ ግን ከኑሯችን የራቀ አይደለም። ከደዌ ሐረዋ ወይም ከጅሌ ጥሙጋ ቆላ ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም ቤት የምትወሰደው አንዳንድ ጊዜ ዕድሜው ከእኛ በሚበልጥ ላንድክሩዘር ነው። ያ መኪና መንገድ ላይ ቢቆም የሁለት ነፍስ ነገር አብሮ ይቆማል።

ቶዮታ ይህን መኪና መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ በአገራችን በብዛት የምናየው 70 የሚባለው ዓይነት በ1984 ወጣ። ብዙዎቹ የያዙት 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የሆነው የናፍጣ ሞተር ያለ ኮምፒዩተር ስለሚሠራ ለተማሪ እጅ ይመቻል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ታክሱን ከፍ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። እንግዲህ ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

በመጀመሪያ አቧራ አለ። የአየር ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ስለዚህ ፊልትሮውን ማውጣትና ከውስጥ ወደ ውጭ በንፋስ ማራገፍ ይገባል። ዘይቱንም ከነፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ መልካም ነው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ቦርከና ሞልቶ ከተሻገሩ ወይም ከጨፋ ጭቃ ከወጡ በኋላ የዲፈረንሻሉን ዘይት መመልከት ያስፈልጋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

ሦስተኛው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ እንዲለወጥ ይመከራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩና ሞተሩ ይሰበራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍሬን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ የሚመጣ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በማያንስ ሙቀት ሲሆን፣ ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ይለወጥ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ እንውረድ።

መኪናን ስለ ማሻሻልም ብዙ ሲወራ እንሰማለን። በጣራው አጠገብ አየር የሚስብ ቱቦ መግጠም ለወንዝም ለአቧራም ይረዳል። ጎማን ማተለቅ ግን ዋጋ አለው። ቁመቱ አንድ አሥረኛ የበለጠ ጎማ ብናስገባ ቆጣሪው 60 ሲል መኪናው 66 ይሮጣል፤ ፍሬኑም ይከብደዋል። ፖርቶመጋላውን በዕቃ መቆለልም በጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል። እንግዲህ ፋብሪካው የሠራውን ወደ ቦታው ሳንመልስ ሌላ አንጨምር፤ ያረጀ ባሌስትራና የሳሳ የፍሬን ሸራ ያለበትን መኪና ማስጌጥ ሳይታጠቡ አዲስ ልብስ መልበስ ነው።

የማይገባንንም ሥራ እንወቅ። የናፍጣ ፓምፕና መሪ ለሠለጠነ መካኒክ ይተው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግ። የጋለ ራዲያተር አይከፈት። የተቃጠለ ዘይትም ከብቶቻችን በሚጠጡት ወንዝ አይደፋ።

ወላጆቻችን ሆይ! መኪና ያላችሁ ልጆቻችሁን ኮፈኑ ሲከፈት አታባርሯቸው፤ ክሪኩን ባያነሡ እንኳ ፋኖስ ይያዙ፤ የተለወጠውን ዕቃ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር ይጻፉ። ያ ደብተር ብዙ ገንዘብ የማያስከፍል ትጋት ነው፤ ነገር ግን ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ለሚያደርስ ሾፌር መተማመኛ ይሆነዋል።