ስለ ኅዋ አየር ጠባይ መለኪያዎች እቅድ



ንፋስ ስልክ የሚለው የዚህ ሠፈር ስም የመጣው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው። ቃል ያለ ሽቦ ሲጓዝ ያየው ሕዝብ የነፋስ ስልክ አለው። ይሁን እንጂ አጭር ሞገድን ባሕር የሚያሻግረው ነፋስ ሳይሆን፣ በፀሐይ ጨረር የኤሌክትሪክ ሙል የያዘው የከፍተኛው አየር ንብርብር፣ ማለትም አዮኖስፌር ነው። ፀሐይ ስትታወክ እርሱም ይታወካል፤ መልእክትም ይቋረጣል። ይህ ሁኔታ የኅዋ አየር ጠባይ ይባላል።

በዋልታዎች ላይ የሚዞሩት የአሜሪካ ኖአ ሳተላይቶች ለዚህ የኤሌክትሮንና የፕሮቶን መቁጠሪያ ይዘው ወጥተዋል። ዋናው ትኩረታቸው ግን ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች በብዛት በሚወርዱበት በዋልታው አካባቢ ነበር። የኢትዮጵያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በላይዋ ያልፋል፤ በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታም ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ አዮኖስፌሩ እየተቦረቦረ የአቅጣጫ መሪ ሳተላይቶችን ምልክት ያውካል።

የጅረቱ ስፋት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሳተላይት በአንድ ደቂቃ ተኩል ታቋርጠዋለች። ስለዚህ የማለፊያ ሰዓቷ ወሳኝ ነው። ንጋትና ምሽት 12 ሰዓት ላይ የምታልፍ ሳተላይት ጅረቱ ሳይበረታ፣ የምሽቱም መታወክ ሳይጀምር ታልፋለች። ከጧቱ 4 ተኩል የምታልፈው ግን ጅረቱን በብርታቱ ታገኛለች፤ ከምሽቱ 4 ተኩል ስትመለስም መታወኩን ልትለካ ትችላለች።

ምድርን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሳተላይቶች ብዙዎቹ የሚመርጡት ይህንኑ ሰዓት መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ የያዘችው የምድር ካሜራ ነበር። ለወደፊቷ ሳተላይት ከካሜራው ጎን ትንሽ ማግኔቶሜትርና የኤሌክትሮን ብዛት መለኪያ ማከል ይቻላል።

ይህ ግን ከንድፉ መጀመሪያ መታሰብ አለበት። በአዲስ አበባ የምድር መግነጢስ ኃይል ወደ 36,000 ናኖቴስላ ሲሆን፣ ጅረቱ በሳተላይቷ ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ነው። የሳተላይቷ የራሷ ሽቦዎች ሊሸፍኑት ይችላሉ። ስለዚህ መለኪያው በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ዘንጉ ደግሞ አካሏ ከተሠራ በኋላ በቀላሉ የሚቀጠል አይደለም።

ከ1949 እስከ 1951 ዓ.ም. በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመግነጢስ መመልከቻ ተቋቁሟል። ምድር ላይ ያለ መለኪያ ቀኑን ሙሉ የአንድ ቦታን ታሪክ ይጽፋል፤ ሳተላይቷ ደግሞ በአንድ አፍታ ወገቡን ከዳር እስከ ዳር ትቆርጣለች። እቅድ አውጪው መሐንዲስ ሁለቱን በአንድ መዝገብ ሊያገናኛቸው ይገባል።